ያልተቆጠረው ነጎድጓድ

ሰውየው ፎቶ አንሺ ነበር። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ቢፈለግ እንኳ በቀላሉ አይገኝም፤ ሕፃን አዋቂው «ጋሽ ብልጭታ» ነበር የሚለው። ስሙ የወጣለት በፎቶ ቤቱ መብራት ምክንያት አይደለም። ሰማዩ ደመና ቋጥሮ ሰው ሁሉ ያሰጣውን ልብስ እየሰበሰበ ወደ ቤቱ ሲሮጥ፣ እሱ ካሜራውንና ባለ ሦስት እግር መቆሚያውን ተሸክሞ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ነው። መብረቅ ፎቶ ማንሳት ይወዳል። ይወዳል ማለት እንኳ ያንሰዋል። ሚስቱ «ይህ ሰው ሰማይ ላይ ውሽማ አለችው፤ በጠራችው ቁጥር እራቱን ጥሎ ይሄዳል» እያለች ትቀልድበት ነበር።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ፎቶ ቤቱ ከመንገዱ ፊት ለፊት ሲሆን ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል የእሷ ነበረች። የስፌት መኪናዋ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዋና ያላለቁ ጃኬቶች የሚሰቀሉበት ብረት እዚያች ክፍል ውስጥ ተፋፍገው ይኖራሉ። ለመታወቂያ ፎቶ የመጣ ሰው የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ ከተገኘ፣ በመጋረጃው ሾልኮ ይገባና አስተክሎ ይወጣል። መኖሪያቸውም እዚያው ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። አንዲት ልጅ ወልደው አሳድገው ድረዋታል፤ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው።

ሚስትየው ነጎድጓድ ትፈራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር የስፌት መኪናዋን ሶኬት ነቅላ፣ ወደ አራተኛ ፎቅ ሮጣ፣ አልጋ ላይ ወጥታ፣ ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ስባ ትኮማተራለች።

«አንዳችን የምንሸሸውን ሌላችን እናሳድዳለን፤ ማን ይሆን ያገናኘን?» ይላት ነበር እየሳቀ።

ፍርሃቷን የሚያቀልላት ግን ራሱ ነበር። በረንዳ ላይ ቆሞ መብረቁ ብልጭ ሲል ጮክ ብሎ መቁጠር ይጀምራል፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» እያለ ድምፁ እስኪደርስ ድረስ። ቁጥሩ ከረዘመ «ሩቅ ነው፤ እኛን አያውቀንም!» ብሎ ወደ ውስጥ ይጮህላታል። ካጠረ ደግሞ ቀልድ ያበዛል። ሲጋቡ የጀመረው ልማድ ነው፤ አንድም ክረምት አላቋረጠም። እሷም ከብርድ ልብሷ ስር ሆና የምታዳምጠው ነጎድጓዱን ሳይሆን የእሱን ድምፅ ነበር።

መብረቅ ማንሳት የሚመስለውን ያህል የፍጥነት ሥራ አይደለም። መብረቁን አይቶ ቁልፍ ልጫን የሚል ሰው ምንጊዜም ይዘገያል። ካሜራውን ጨለማው ላይ አነጣጥሮ፣ መዝጊያውን ከፍቶ መጠበቅ ነው፤ መረቡን ጥሎ እንደሚቀመጥ ዓሣ አጥማጅ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጥቁር ወረቀት ነው። ጋሽ ብልጭታ ጥቁር ወረቀት አያናድደውም። ደጋግሞ ያነሳል፤ የቀናውን ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያሳያል፤ ጥሩ ጥሩዎቹን ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከሙሽሮቹና ከተመራቂዎቹ መሐል ይሰቅላል።

አንድ ምኞት ነበረችው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሕዝቡ የሚጠጣው ውኃ የሚጠራቀምበት ግድብ አለ። እዚያ ውኃ ላይ መብረቅ ከደመናው ተነስቶ ማዶ እስኪወርድ ሙሉውን፣ ግልባጩን ደግሞ ውኃው ውስጥ፣ በአንድ ፎቶ መያዝ ይፈልጋል። ስንት ጊዜ ሞክሯል። አንዴ ነፋስ ተነስቶ ውኃውን ያተራምሰዋል፤ አንዴ ዝናቡ ቀድሞ መጋረጃውን ይጥልበታል፤ አንዴ ደግሞ መብረቁ ከጀርባው ይወርዳል። «አንድ ቀን ይመጣል፤ ቀጠሮ አለን» ይላል። ሚስቱም «ውሽማህ አስተማማኝ አይደለችም» ትለዋለች።

ዓይኑ መታመሙን መጀመሪያ ያወቀው ራሱ አልነበረም፤ ሌሎች ናቸው የነገሩት። አንድ ሰርግ አንስቶ ሲያስረክብ የሙሽራዋ አባት ከግማሹ ፎቶ ላይ የሉም። በአንዱ ክንዳቸው ብቻ አለ፤ በሌላው የጫማቸው ጫፍ ብቻ። ሰውየው ፎቶ ቤቱ ድረስ መጥተው «ልጄን የዳርኩት እኔ ነኝ ወይስ ክንዴ?» ብለው ተቆጡ። እሱ «እርስዎ ተንቀሳቅሰው ነው» ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ በር መቃን ይገጨው ጀመር። ሚስቱ ከጎኑ ሻይ ስታስቀምጥለት፣ እጁን ሰዶ ራሱ ይደፋዋል። «ምን አስቸኮለህ?» ትለዋለች፤ እሱም «አንቺ ነሽ ጫፍ ላይ የምታስቀምጪው» ይላታል።

በመጨረሻ ልጃቸው ለእረፍት በመጣችበት ሰሞን፣ አባቷ ደረጃ ስቶ ሲወድቅ አይታ ሆስፒታል ወሰደችው። ሦስቱም አንድ ላይ ነበሩ ሐኪሟ ስታናግራቸው።

«አባት፣ ይሄ ሕመም ከዳር ነው የሚጀምረው» አለችው፤ ወጣት፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። «ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሐል ይመጣል። ስለማያምም ሰው አያውቀውም። የተጎዳው የዓይኑ ነርቭ ነው።»

«መነጽር ይሻለዋል?» አለች ሚስቱ።

«መነጽር አይረዳም። የማዝልዎ ጠብታ ያለውን እንዲያቆይልን ነው። የሄደውን ግን አይመልሰውም።»

«ያለው ስንት ነው?» አለ።

ሐኪሟ የምርመራውን ወረቀት አጠፈችና «ዘግይተው ነው የመጡት አባት» አለችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ በታክሲው መስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ነበር። ቤት ገብቶ አረፍ ካለ በኋላ ሚስቱን «ሰውየው አልተንቀሳቀሱም ነበር ማለት ነው፤ የሙሽራዋ አባት» አላት። በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሄደ።

ጠብታው የተባለውን ያህል እንኳ አላቆየም። መጀመሪያ ሰርግ ማንሳት ተወ። ቀጥሎ ሚስቱን ከመጋረጃው ጀርባ ጠራትና ካሜራ አያያዝ ያስተምራት ጀመር። እሱ መብራቱን በዳበሳ ያስተካክላል፤ ደንበኛውን በወሬ ያዝናናል፤ እሷ ታነሳለች። መጀመሪያ አካባቢ የሰው ጭንቅላት እየቆረጠች አስቸገረች። «አንቺ እኮ ከአንገት በታች ነው የለመድሽው» ብሎ ሳቀባት። ሁለቱም ሳቁ። ያን ሰሞን ገና መሳቅ ይችሉ ነበር።

ከዚያ ግን ፊቶች ጠፉበት። ቀጥሎ የሰው ቁመና ጠፋ፤ ጥላ ብቻ ቀረ። ጥላውም ሄዶ ቀኑን ከሌሊቱ የሚለየው በመስኮቱ በኩል በምትገባ ግራጫ ጉም ሆነ። ጉሟም እየሳሳች ሄደች። አንዳንድ ጠዋት «መጋረጃውን ክፈቺው» ይላታል፤ መጋረጃው ግን ተከፍቷል። እንዲህ ሲላት ሄዳ ቀለበቶቹን ብረቱ ላይ እያንሸራተተች ታሰማውና «ይኸው፣ ከፈትኩት» ትላለች።

እሱም ማኩረፍ ጀመረ። ፎቶ ቤት መውረድ ተወ። ጢሙን የምትላጨው እሷ ሆነች። ልጃቸው ስትደውል «አባትሽ ተኝቷል» ማለት አበዛች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እየሰማ።

አንድ ምሽት ዝናብ መጣ። እንደ ልማዷ ከታች የመኪናዋን ሶኬት ነቅላ መጥታ አልጋው ላይ ወጣች። እሱ በረንዳው በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። በድንገት ከወንበሩ ብድግ አለ።

«አየሁት!»

«ምኑን?»

«አየሁት እኮ ነው የምልሽ! ነጭ! በግራ በኩል ነው አይደል? ከጎማ ቤቱ በላይ?»

አዎ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጎማ ቤት በላይ ነበር። ደግሞ አበራ። እሱም «ይኸው! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» እያለ ቆጠረ። ነጎድጓዱ ሲመጣ እንደ ልጅ እያጨበጨበ ሳቀ። እሷ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ተነሥታ አጠገቡ ቆመች።  ፊቱን ስታየው ግን እንባ አገጩ ላይ ደርሷል።

የቀን ብርሃን የማይደርስበት ቦታ መብረቅ ይደርስለት ነበር። ቅርጹን አያይም፤ ለቅጽበት አንድ ነጭ ነገር ጨለማውን ሲገልበው ብቻ ነው የሚያየው። ለእሱ ያም ትልቅ ነገር ነው። ከዚያች ምሽት ወዲህ ጢሙን ራሱ መላጨት ጀመረ። የአየር ትንበያ በሬዲዮ ይከታተላል። ካሜራውን ከሳጥን አወጣ።

«ማን ሊያነሳልህ ነው?» አለችው።

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ? በመብረቅ ውስጥ? ሰውዬ፣ ዓይንህ ነው የታመመው ወይስ ጭንቅላትህ?»

«እኔ እቆጥርልሻለሁ» አላት።

እምቢ ለማለት አልቻለችም። ዝናብ በመጣ ቁጥር በረንዳው በር ውስጥ መቆሚያውን ትዘረጋለች። ሩቅ ያለ የመንገድ መብራት ጥርት ብሎ እስኪታይ ሌንሱን አስተካክላ ቀለበቱ እንዳይዞር በፕላስተር ትለጥፈዋለች። ከካሜራው በሚወጣው ገመድ ጫፍ ያለውን ቁልፍ ጨብጣ ትጠብቃለች። እሱ ከጎኗ ሆኖ ይቆጥራል። ፍርሃቷ ሳይለቃት፣ ይዛው መቆም ለመደች። ያነሳችውንም ለእሱ ትተርክለታለች፤ «ይሄኛው ሥር ይመስላል፤ ይሄኛው ደግሞ አንድ ቀጥ ያለ ነው፣ ቅርንጫፍ የለውም።» እሱ «ብርሃኑ በዝቶበት ይሆን? የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቢው» ይላታል። በትዳር ዘመናቸው ያን ያህል ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ አንዳንዱን ብልጭታ መዝለል ጀመረ። እሷ አይታ እሱ ዝም ሲል «ደከም ያለ ነው፤ ከደመና ጀርባ ነበር» ትለዋለች። አንዳንዱ በእርግጥም ደከም ያለ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ምሽቱን በግድቡ አቅጣጫ ከባድ ዝናብ እንደሚጥል ተናገረ። ነፋስ እንደማይኖርም ጨመረ። ጋሽ ብልጭታ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

«ዛሬ ግድቡ እንሂድ» አላት።

«በማን?»

«በኤሊው።»

ኤሊው የሰፈራቸው ታክሲ ነጂ ነው። ስሙ የወጣለት በአነዳዱ ነው፤ ብስክሌት እንኳ ጡሩንባ ነፍቶበት ያልፋል። ምላሱ ግን እንደ እግሩ አይደለም፤ ለጉድ ይፈጥናል። መንገዱን ሙሉ ሲያወራ ሄደ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መብረቅ አልፈራም፤ የምፈራው ለመኪናዬ ነው።»

«መኪናህን አይነካትም» አለው ጋሽ ብልጭታ። «መስኮት ዘግቶ ውስጧ መቀመጥ ውጭ ከመቆም ይሻላል።»

«እና እትዬ መስኮት ከፍተው ሊያነሱ አይደል?»

«ካሜራው የሚወጣበትን ያህል ብቻ ነው የምከፍተው» አለች። ጥያቄው እሷንም ሲከነክናት ነበር።

ግድቡ ዳር፣ ከውኃ መሳቢያው ቤት ዝቅ ብሎ ያለ ሜዳ ላይ ቆሙ። ገና አልዘነበም። አየሩ ታፍኗል፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ውኃው ጥቁር ሆኖ ጠፍጣፋ ተኝቷል። በጨርቅ ቁርጥራጭ የጠቀጠቀቻትን ትንሽ ትራስ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ካሜራውን አስደገፈችባት። ጋሽ ብልጭታ ከኋላ ወንበር አጠገቧ ተቀምጧል፤ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ ለሐኪም ተራ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ውኃው እንዴት ነው?»

«ጸጥ ብሏል። መስታወት ነው የሚመስለው።»

«ማዶ ያለው ኮረብታ ይገባልሻል?»

«ገብቷል።»

«በይ ክፈቺውና ጠብቂ። አትቸኩዪ።»

ሩቅ ሆኖ አንድ ሁለቴ ደመናው ውስጥ ብርሃን ፈካ አለ። ጋሽ ብልጭታ አልቆጠረም። ሚስቱ በልቧ «ደከም ያለ ነው» አለች። ኤሊው ግን በሁለተኛው ጃኬቱን አውልቆ ራሱን ተከናነበ። «ስታበቁ ንገሩኝ» አለ ከውስጥ።

እሷ ቁልፉን ተጭና ይዛለች። ለአፍታ ፊቷን ከውኃው መልሳ ወደ ባሏ ዞረች፤ በርዶት እንደሆን ልትጠይቀው ነበር። ያኔ ነው ያበራው።

የመኪናው ውስጥ ቀን ሆነ። የባሏ ፊት እንደ ወረቀት ነጣ። ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ፣ ጠዋት ሲላጭ አገጩ ስር የዘለላትን ጢም፣ ከንፈሩ ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ አየችው። ዓይኖቹ ተከፍተው ነበር። ብርሃኑ ቀጥታ ገባባቸው። ምንም አልተነቃነቀም። ጨለማው ተመልሶ ሲዘጋም እንደዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ረጋ ብሎ፣ እየጠበቀ።

«አንድ» እስኪል ጠበቀችው። አላለም። ራሷ ልትቆጥርለት አፏን ከፈተች።

ከዚያ ነጎድጓዱ መጣ። መኪናው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ብልጭታ እንደተመታ ሰው ዘሎ እጇን ያዛት። በኖረበት ዘመን ሁሉ ነጎድጓድ አስደንግጦት አያውቅም።

ድምፁ ኮረብታዎቹ መሐል እየተንከባለለ ጠፋ።

«መቼ ነው ያበራው?» አላት በመጨረሻ።

«አሁን።»

«ትልቅ ነበር?»

«ትንሽ ናት» አለች። «ከደመና ጀርባ ነው ያበራችው። እኔም በደንብ አላየኋት።»

ኤሊው ጃኬቱ ውስጥ እንደሆነ «ኧረ እትዬ!» አለ። «ምን ትንሽ ናት ይላሉ! እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በዚህ ወፍራም ጃኬት ውስጥ እንኳ ታይቶኛል!»

 ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ መደብደብ ጀመረ። ጋሽ ብልጭታ እጇን ለቀቃት።

«ወደ ቤት ንዳ» አለው ኤሊውን።

ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ያበራ ነበር። ጋሽ ብልጭታ ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር ትንፋሹን እየዋጠ ሄደ። ኤሊው የሆነ ነገር መበላሸቱ ገብቶት ነው መሰል አንድ ቃል ሳይተነፍስ አደረሳቸው። ቤት ሲገቡ ከነእርጥብ ጫማው አልጋው ላይ ተቀመጠ። ጫማውን ልታወልቅለት ጎንበስ አለች።

«ጨለማ መስሎኝ ነበር የሚሆነው» አላት። «ጨለማ እኮ ይታያል። ይሄ ጨለማም አይደል።»

ሆስፒታል ሲመለሱ ሐኪሟ ባትሪ እያበራች መረመረችው። «ብርሃን ሲመጣ ይንገሩኝ» አለችው። እሱ ጠበቀ። ባትሪው በርቶ፣ ጠፍቶ፣ ደግሞ በርቶ አለቀ። ሐኪሟ ከዚያ በኋላ ስለ ጠብታው እንኳ አላነሳችም።

ካሜራውን ለብዙ ጊዜ የነካው የለም። በኋላ አንድ የመታወቂያ ፎቶ ፈላጊ መጣና ሚስትየው አነሳችው። ፎቶው በደንብ መውጣቱን ለማየት ወደ ኋላ ስትመልሰው የግድቡ ምሽት ላይ ደረሰች።

ሁሉም ነገር ነበረበት። ከላይ ከደመናው ሆድ ወጥቶ፣ ሳይቆረጥ ሳይደበዝዝ ማዶው ኮረብታ ስር ወርዷል። ውኃው ውስጥ ደግሞ ተገልብጦ ያው ራሱ። ኮረብታው ላይ ያሉት ዛፎች ሳይቀሩ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ የስፌት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ደስታ አልመጣላትም። የመጀመሪያ ስሜቷ ጥላቻ ነበር፤ ያንን ነጭ ነገር ጠላችው። ስንት ዓመት ደጅ ሲጠናው ዝም ብሎት፣ ማየት የተወበትን ቀን ጠብቆ መጣ። ልታጠፋው ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች፤ ማጥፋትም አልሆነላትም። ለማንም አልተናገረችም።

ፎቶ የሚያትምላቸው ከሁለት መንገድ በኋላ ያለ ማተሚያ ቤት ነው። ሚስትየው ሳታስብ መብረቁ ያለባትን ሚሞሪ ካርድ ከመታወቂያ ፎቶዎቹ ጋር ለአታሚው ላከችለት። አታሚው መብረቁን ሲያይ አላስቻለውም። በትልቁ አትሞ የማተሚያ ቤቱ መስኮት ላይ ለጠፈው፤ ከስሩም የጋሽ ብልጭታን ስም በትልቅ ፊደል ጻፈ። ከዚያም ደወለ። ስልኩን ያነሳው ጋሽ ብልጭታ ነው።

ሚስቱ ደንበኛ ሸኝታ ወደ ቤት ስትወጣ፣ እሱ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

«የግድቡን ፎቶ መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

በሩ ላይ ቀጥ አለች። «ማን ነገረህ?»

«አታሚው። እጅህ ይባረክ አለኝ። የኔ እጅ!» ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣው። «ሰው መንገድ ላይ ቆሞ እያየው ነው አሉ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት።»

«ምን ብዬ ልንገርህ? አንተ ያላየኸውን እኔ አየሁት ልበልህ?»

«አይተሽው ነበር። አይተሽው ትንሽ ናት አልሽኝ።»

«አላየሁትም!» ብላ ጮኸች። በእሱ ላይ ስትጮህ የመጀመሪያዋ ነበር። «እኔ አንተን ነበር የማየው። ፊቴን ወዳንተ አዙሬ ነበር። ያበራው አንተ ፊት ላይ ነው ያየሁት። ውኃውን ማንም አላየውም፤ ያ ቀባጣሪም ጃኬት ተከናንቦ ነበር። ማናችንም አላየነውም!»

እሱ ስልኩን ጭኑ ላይ እያገላበጠ ይዳብሰው ነበር።

«ፊቴ ምን ይመስል ነበር?» አላት።

«የሚጠብቅ ሰው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከቆይታ በኋላ «አስመጪልኝ» አላት።

አታሚው ሌላ አትሞ ሰጣት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። በመዳፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው፤ እሷ ጨርቅ እንደምትዳብሰው።

«ልሙጥ ነው» አለ። «ምንም የለውም።»

ጣቱን ይዛ ከላይኛው ጠርዝ አስጀመረችው። «እዚህ ጋ ነው ከደመናው የሚወጣው። እንዲህ ይወርዳል፣ እዚህ ይታጠፋል፣ እዚህ ደግሞ ለሁለት ይከፈልና አንዷ ትቀራለች። እዚህ ኮረብታው ነው። ከዚህ በታች ውኃው ነው፤ ያው ራሱ ተገልብጦ ወዳንተ ይመጣል።»

«ከላይ ተቆርጧል?»

«አልተቆረጠም።»

«ውኃው ላይ ተሰባብሯል?»

«አልተሰባበረም። እንደ ፈለግከው ነው።»

ጣቱ ወረቀቱ ታችኛው ጠርዝ ላይ ቆመ።

«ደስ አላለህም?» አለችው።

«ደስ ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር» አላት።

በማግስቱ አታሚው ዘንድ ደውሎ «ስሜን አንሳልኝ፤ ያነሳችው እሷ ናት» አለው። አታሚው እሷን ሲጠይቃት «የኔም አይደለም፤ እኔ ጣቴን ብቻ ነው የጫንኩት» አለችው። አታሚው ግራ ገባው። ስሙን በመቀስ ቆርጦ ጣለና ፎቶውን ብቻ ተወው።

ፎቶ ቤቱን ዘጉት። ግድግዳው ላይ የነበሩትን ሙሽሮችና ተመራቂዎች አውርደው፣ የፊት ክፍሉ የስፌት ቤት ሆነ። ጋሽ ብልጭታ አሮጌ ስፌት በጣቱ እየፈለገ መተርተር ለመደ፤ ከእሷ ይልቅ በጥራት ይተረትራል። ደንበኞች ሲያመሰግኑት ራሱን ይነቀንቃል እንጂ ወሬ አይጨምርም። ካሜራውን ልጃቸው መጥታ ወሰደችው። ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ የሚተኛው እሱ ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሚስቱ በረንዳውን ትዘጋለች።

ክኒን ሊገዙ ሲወጡ በማተሚያ ቤቱ በኩል ያልፋሉ። የቀለሙ ሽታና የማሽኑ ድምፅ ሲመጣ እርምጃውን ያፈጥናል፤ እሷም አብራው ትፈጥናለች። አንድ ቀን ግን ቆመ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አሁንም አለ?»

«አለ።»

«ፀሐይ ያገኘዋል እኮ እዚህ ጋ። ደብዝዟል?»

አየችው። የደመናው ጥቁር ወደ ቡናማ ሄዷል። መብረቁና ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነጭ ወደ መሆን ተቃርበዋል።

«ደብዝዟል» አለችው።

ጥቂት ቆሞ ቆየ። አንድ ሰው ከኋላቸው «ይለፉ እንጂ አባት» አለ። ጋሽ ብልጭታ የሚስቱን ክንድ ፈልጎ ያዘና መድኃኒት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት እንድረስ አላት።